ሣሩ ሬንጅ መጥረጊያ ነበር

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፤ ከዚያ በኋላ ማንበብ የፈለገ ያንብብ፣ ያልፈለገ ይተወው። እኔ ለማንም አልተንበረከክኩም። ሲቀላ ገበያ ውስጥ "እኚያ ሽማግሌ ለጀልባቸው ሲሉ ሣር ይዘው ተንበረከኩ" እየተባለ የሚወራው ውሸት ነው። ትናንት ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ሳትቀር እጄን ይዛ "እግዚአብሔር ይስጥዎት፣ ትሕትናዎ ልብ ይነካል" አለችኝ። ትሕትና! እኔን! ባለቤቴ አስካለ ይህን ስትሰማ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ነው የሳቀችው።

እጄ ለጽሕፈት የተሠራ እጅ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ያኔም ቀን ዓሣ ሳጠምድ ውዬ ማታ ክፍል ውስጥ አንቀላፋ ስለነበር፣ ከፊደሎቹ ግማሾቹን እስከ ዛሬ የማውቃቸው በመልክ ብቻ ነው። ግን ምን ላድርግ? አፌን ስከፍት የሚሰማኝ ጠፋ። "አልተንበረከክኩም" ስል "አይ አባባ፣ ትሕትናቸው እኮ ማለቂያ የለውም" ብለው ያልፋሉ። ወረቀት ላይ ሲሆን እንኳን መሃል ገብቶ የሚያቋርጠኝ የለም።

ነገሩ የጀመረው በድንጋይ ነው።

ዓባያ ሐይቅ ዳር ጀልባ የሚወጣበትና የሚገባበት ወደብ አለን። ወደብ ስላችሁ መርከብ እንዳታስቡ። የእኛ ወደብ ጭቃ ነው፣ ጭቃው ላይ ጀልባ አለ፣ ጀልባው ላይ ወፍ አለ። ሥራችንን ሁሉ ስንሠራ የኖርነው እዚያው ነው። ዓሣው እዚያ ይወርዳል፣ እዚያ ይበለታል፣ መረብ እዚያ ይሰፋል፣ ጀልባ እዚያ ተገልብጦ ሬንጅ ይቀባል፣ ሻይ እዚያ ይጠጣል። ሁለት ሰው ቢጣላም እዚያው ተጣልቶ እዚያው ይታረቃል። ጉማሬው እንኳ ከውሃ ሲወጣ በየት በኩል እንደሚያልፍ ያውቃል፤ እኛም እናውቃለን፤ ተከባብረን ነው የኖርነው።

አንድ ቀን ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሱ ልጆች ሜትር ይዘው መጡ። ለኩ፣ ለኩ፣ ለኩ። ከዚያ ድንጋይ ቀለም እየቀቡ ዳር ለዳር ደረደሩ። ሰማያዊ ድንጋይ ያለበት ጀልባ ማሰሪያ ብቻ። ነጭ ያለበት ዓሣ መሸጫ ብቻ። ቢጫ ያለበት መዝናኛ ብቻ። ቀይ ያለበት ጥገና ብቻ። መሃል ላይ ደግሞ "የተፈቀዱ ተግባራት" የሚል ትልቅ ሰሌዳ አቆሙ። ሰሌዳውን ለማንበብ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ካነበብኩ በኋላ የገባኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም "ብቻ" የሚለው ነው።

እያንዳንዱ ቀለም ዞን ይባላል አሉን። የምንኖረው ጋሞ ዞን ነው። በዞኑ ውስጥ ከተማው፣ በከተማው ውስጥ ሐይቅ ዳሩ፣ በሐይቅ ዳሩ ውስጥ ደግሞ እንደገና ዞን! ወደፊት የሻይ ብርጭቆዬ ውስጥም አንድ ዞን ሳያገኙ አይቀሩም፤ ስኳር በዚህ በኩል ብቻ፣ ማንኪያ በዚያ በኩል ብቻ።

ሥርዓት እጠላለሁ አላልኩም። የዓሣ አንጀት ሰው እግር ሥር መጣል መልካም ነው አላልኩም። እኔ ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ ይህን የከፋፈለው ሰው ጀልባ ምን እንደሆነ አይቶ ያውቃል ወይ? ቀዩን፣ የጥገናውን ድንጋይ ያኖሩት ከውሃው ርቆ፣ ከቢጫው ወዲያ፣ ጉብታ ላይ ነው። እዚያ ግራር አለ፣ ጠጠር አለ፣ ነፋስ አለ። ውሃ የለም። ጀልባ በክንፍ ይሄዳል ብለው መሆን አለበት።

በዚህ መሃል የእኔ ጀልባ ቀዳዳ አበጀች።

በእጄ የሠራኋት ጀልባ ናት። ሌላ እርሻ የለኝም፣ ሌላ ሱቅ የለኝም፣ የጡረታ ደብተር የለኝም፤ እሷ ናት ያለችኝ። ሆዷ ላይ ጣውላው ተሰንጥቆ ውሃ ታስገባ ጀመር። ሥራው ቀላል ነው፤ ይገለብጧታል፣ ጥጥ በሬንጅ እየነከሩ ስንጥቁ ውስጥ ይጎሰጉሳሉ፣ ከላይ ይቀባሉ፣ ይደርቃል፣ አለቀ። እንደ ወትሮው እዚያው ገለበጥኳትና ሬንጄን በቆርቆሮ እሳት ላይ ጣድኩ። ወዲያው ድንጋዮቹን እንዲጠብቅ የተቀጠረው ዘበኛ ፊሽካ ነፋብኝ። "እዚህ ሰማያዊ ነው! ማሰር እንጂ መጠገን አይፈቀድም!"

ባጃጅ ይዤ ወደ ሴቻ፣ ሐይቅ ዳሩን ወደሚያስተዳድረው ቢሮ ወጣሁ። ዳገቱን ስንወጣ ባጃጁ እንደ እኔ ጉልበት ሲንቋቋ ነበር። የሐይቅ ዳሩ ኃላፊ ተስፋነህ ይባላል። ተራራው ላይ ያለችው የኦቾሎ መንደር ልጅ ነው። አባቱ ሸማኔ ናቸው፤ ሌሊት የምለብሰው ቡልኮ የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። ይህ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። የማላውቀው ሰው ቢያንገላታኝ አንድ ነገር ነው። አባቱ ያለበሱኝን ልጁ ሲገፈኝ ግን እንዴት ዝም እላለሁ?

"አባባ" አለኝ፣ ወንበር ስቦ። ትሑት ልጅ ነው፤ ይህም ያናድዳል። "ጥገና በሰማያዊው ክልል አይፈቀድም።"

"የት ነው የሚፈቀደው?"

"በቀዩ።"

"በምን ትሂድ?"

"በውሃ ዳር ዳሩን ቢጫውን ዞረው ይውሰዱት።"

"ቀዳዳ ናት እያልኩህ! ትሰምጣለች!"

"እንግዲያው በየብስ።"

"በየብስ መሃል ላይ ቢጫው አለ። ዘበኛህ የማጥመጃ ዕቃ ይዞ በመዝናኛ ማለፍ ክልክል ነው አለኝ።"

"እሱስ ትክክል ነው" አለና አሰበ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። ብዙ ካሰበ በኋላ ምን አለኝ መሰላችሁ? "መጀመሪያ ይጠገንና፣ ከዚያ በውሃ ወደ ጥገናው ይሂድ።"

"ከተጠገነች በኋላ ጥገና ቦታ ሄዳ ምን ትሠራለች?"

"ሕጋዊ ትሆናለች።"

ከወንበሩ ተነሳሁ። ንዴት ጉልበቴን አስረስቶኝ በፍጥነት ነው የተነሳሁት። በሩ ላይ ስደርስ ከኋላዬ "አባባ፣ እኔም ከላይ እጠየቃለሁ፤ እስከ ቅዳሜ ካልተነሳ መኪና ይዤ መጥቼ አስጭነዋለሁ" አለኝ። የተጫነ ዕቃ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ከቢሮው ጀርባ ባለው ግቢ ውስጥ ነው የሚከመረው። እዚያ ግቢ የገባ የሸንበቆ ዳስ ማገዶ ሆኖ ወጥቷል። የእኔም ጀልባ የማን ምድጃ ውስጥ እንደምትገባ እግዚአብሔር ይወቅ።

ወደ ወደቡ ተመለስኩና ለአንጁሎ ነገርኩት። አንጁሎ ጓደኛዬ ነው። እሱ ጴንጤ ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እኔ በጾም የማልነካውን ዓሣ ፊቴ ቁጭ ብሎ አጥንቱን እየመጠጠ ይበላል። ወዳጅነታችን ይህን ያህል የቆየው በዚህ ንዴት ነው።

"ቢጫው የመዝናኛ ነው አይደል?" አለኝ።

"ነው።"

"እንግዲያው እንዝናና።"

"በምን?"

"በጀልባህ።"

ሞኝነት መሆኑን እያወቅኩ እሺ አልኩ። ሌሎች አጥማጆችን ጠራንና ጀልባዋን ትከሻችን ላይ አድርገን ቢጫው ውስጥ ገባን። ገና ከመግባታችን ዘበኛው ከግራሩ ሥር ብድግ አለ። የቀድሞ ወታደር ነው፤ ሲቆም እንኳ በትእዛዝ ነው የሚቆመው።

"ወዴት ነው?"

"እየተዝናናን ነው" አለ አንጁሎ፣ ከጣውላው ሥር።

ዘበኛው ዙሪያችንን ዞረ። የእያንዳንዳችንን ፊት ጎንበስ እያለ አየ። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። "እነዚህ ይዝናኑ ይሆናል" አለ፤ "እሳቸው ግን የሚዝናና ሰው አይመስሉም።"

"ሳቅ በል" አለኝ አንጁሎ በጥርሱ መሃል።

"አልስቅም!"

"ለጀልባህ ስትል ሳቅ በል አንተ ሰው!"

ሳቅኩ። እንዴት እንደሳቅኩ አላውቅም፤ ዘበኛው ግን ወደ ኋላ አፈገፈገና ፊሽካውን ነፋ። ጀልባዋን ተሸክመን ተመለስን። ያን ቀን ትከሻዬ ቆሰለ፤ ከትከሻዬ ይልቅ ግን ያ ሳቅ ነው የሚያመኝ።

ማግስቱን ገና ጎሕ ሲቀድ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ጀልባዋን ወደ ቀዩ መውሰድ ካልተቻለ፣ ቀዩን ወደ ጀልባዋ ማምጣት ነው! የእጅ ጋሪ ተዋስኩና ከጉብታው ላይ ቀዮቹን ድንጋዮች እየጫንኩ አወረድኩ። ሰማያዊዎቹን ገፋ ገፋ አድርጌ ጀልባዬን በቀይ ከበብኳት። ፀሐይ ስትወጣ የሚያምር ጥገና ክልል ሆነ። ሬንጄን ጣድኩ።

ዘበኛው መጣ። ድንጋዮቹን አየ። ሰሌዳውን አየ። እንደገና ድንጋዮቹን አየ።

"ትናንት ሰማያዊ ነበር" አለ።

"ዛሬ ቀይ ነው። አታይም?"

ቀለም ሲያይ የሚታዘዝ ሰው ነው፤ ሄደ። እኔም ጀልባዬን ጠግኜ በጨረስኩ ነበር፣ ይህ ሕዝብ ባይኖር ኖሮ። ለካ ሰው ሁሉ የሚጠገንበት ቦታ አጥቶ ኖሯል። መጀመሪያ አንዱ ጎማው የተነፈሰ ብስክሌት ይዞ መጣ። "እዚህ ይፈቀዳል አሉን" አለ። ቀጥሎ እግሩ የወለቀ አልጋ መጣ። ሻይ የምትሸጠው እታገኝ ምድጃዋን አመጣች። ረፋዱ ላይ አንድ ባጃጅ በጎኑ ተጋድሞ ሁለት ሰው ሆዱን ሲጎረጉር፣ አንዱ ደግሞ "አባባ፣ ተራው የማን ነው?" እያለ ሲጠይቀኝ ተስፋነህ ከተፍ አለ።

"ባጃጅ!" አለ። "በጀልባ ማሰሪያ! ባጃጅ!"

ድንጋዮቹን አስመለሰ። ሬንጄን ዘበኛው ውሃ ቸለሰበት። ተስፋነህ አንገቱ ሥር ደም ሥሩ ተገትሮ "አባባ፣ ነገ ቅዳሜ ነው" አለኝና ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ማንንም ሳልጠይቅ ሬንጄን እንደገና ጣድኩ። ሊወስዷት ከሆነም ተጠግና ትሂድ። ሰንጥቀው የሚያነዱት ቢሆንም እንኳ ውሃ የማታስገባ ጀልባ ያንድዱ። ዘበኛው ከሩቅ አይቶኝ ፊሽካውን አፉ ላይ አደረገ፤ ፊቴን ሲያይ አወረደው።

እዚህ ላይ በደንብ አድምጡኝ፤ ጠቡ ያለው እዚህ ነው። ትኩስ ሬንጅ የነካ ሰው ያውቃል፤ በጨርቅ ከጠረጉት ጨርቁን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ እኛ እጃችንን የምንጠርገው በእርጥብ ሣር ነው። ከሐይቁ ዳር ነጭቼ አጠገቤ ከምሬ ነበር። የመጨረሻው ስንጥቅ ከጀልባዋ አፍንጫ ሥር፣ ዝቅ ብሎ ስለነበር ተንበርክኬ ነው የምጎሰጉሰው። ሬንጅ መዳፌ ላይ ተንጠባጠበ። አቃጠለኝ። በሁለት እጄ ሣር ዘገንኩ። ልክ በዚያው ቅጽበት ከኋላዬ የመኪና ድምፅ ሰማሁ።

ቆሜ ብዞር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እኔ ግን ንዴቴ ከጉልበቴ ቀደመና እንደተንበረከክኩ ዞርኩ። ልራገም ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። ሣሩ በእጄ ነበር።

እናንተ ከሩቅ የምታነቡ ላታውቁ ትችላላችሁ። እኛ ጋሞዎች ዘንድ ሽማግሌ እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ ከተንበረከከ ነገር እዚያ ላይ ይቆማል። ጦር የመዘዘ ጦሩን ያወርዳል፣ ቤት ሊያቃጥል የመጣ እሳቱን ያጠፋል። ያንን ሣር አልፎ የሚራመድ የለም። ጎሜ ነው፤ ሣሩን ባለፈው ሰው ላይ ብቻ የማይቀር፣ ልጁንና ከብቱን የሚከተል ጠንቅ። ጴንጤ ነኝ ያለም ኦርቶዶክስ ነኝ ያለም፣ ኮት የለበሰም ቡልኮ የለበሰም፣ አያልፈውም። ደግሞም ሣር የሚያዘው ለሰው ነፍስ ነው። ለጣውላ አይያዝም! ለጣውላ የያዘ ሽማግሌ ካለ ሽማግሌ አይደለም።

መኪናው ቀጥ አለ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ጀልባዋን ሊጭኑ ገመድ ይዘው ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች የደጋ ልጆች ናቸው፤ አንደኛው ገመዱን ከእጁ ጣለው። ቆርቆሮው ላይ ሬንጁ ሲፈላ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ተስፋነህ ከመኪናው ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል። "አባባ" አለ፣ "እባክዎ፣ በእኔ ላይ ሣር አይያዙ።"

"ምን?" አልኩና እጄን አየሁ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። "ይሄ? ይሄ እኮ ሬንጅ መጥረጊያ ነው!"

ገመዱን የጣለው ልጅ ወደ ጓደኛው ዞሮ "ሰማህ? እኛ እንዳንሳቀቅ ብለው ነው" አለው።

"ምን ትሳቀቃለህ! ሬንጅ ነው እያልኩህ!" ብዬ ሣሩን ልወረውር እጄን አወናጨፍኩ። አይወረወርም። ሬንጁ ቀዝቅዞ ሣሩን ከእጄ ጋር አጣብቆታል። ይባስ ብሎ ሳወናጭፍ የምማጸን መሰልኩ። ልነሳ ሞከርኩ። ጉልበቴ ተቆልፏል። "መነሳት አልቻልኩም!" አልኩ።

"ልመናቸው ካልተሰማ አይነሱም ማለት ነው" አለ ሹፌሩ፣ ኮፍያውን እያወለቀ።

አንጁሎ ከእታገኝ ሻይ ቤት እየሮጠ መጣ። አየኝ። ፊቱ ተለዋወጠ። ሣር ነጭቶ አጠገቤ ተንበረከከ።

"አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?" አልኩት።

"ዝም በል። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆነሃል።"

"ሬንጅ እየጠረግኩ ነው አንጁሎ!"

"እግዚአብሔር በሬንጅም ይሠራል" አለና ዓይኑን ጨፍኖ መጸለይ ጀመረ። ከእሱ ኋላ መረብ የሚሰፉት ሽማግሌዎች ተራ በተራ እየመጡ ተንበረከኩ። ዘበኛው ፊሽካውን ኪሱ ከቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

አንጁሎ ጸሎቱን ሳያቋርጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ጀልባህ ትዳን ወይስ አትዳን? ከዳነች፣ ለአንዴ እንኳ አፍህን ዝጋ።"

ጀልባዬን አየኋት። ሆዷ ሰማይ አይቶ፣ አንድ ስንጥቅ ብቻ ቀርቷታል። ዝም ብል ትድናለች። ዝም ካልኩ ግን በዚህ ወደብ ላይ እስክሞት ድረስ ለድንጋይ ቀለም ሲል ሣር ያዋረደ ሽማግሌ ነኝ። ይህን ሳስብ ደሜ ፈላ። "ተስፋነህ!" ብዬ ጮህኩ። "አልለመንኩህም! ሣርም አልያዝኩብህም! ጀልባዋ ይቻት፣ መኪናህን ንዳ!"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከደጋ ልጆቹ አንዱ እንባውን በክንዱ ጠረገ። "ጀልባቸውን ሊሰጡ!" አለ። "ለሰላም ብለው ጀልባቸውን ሊሰጡ!"

ምን ዓይነት ሕዝብ ነው? ስትለምነው አይሰማህም፣ ስትሰድበው ያለቅሳል!

ተስፋነህ ወደ እኔ መጣ። በወጉ የተለመነ ሰው ለማኙን በእጁ ይዞ ያነሳዋል። ጎንበስ ብሎ ሣር የያዘውን ቀኝ እጄን ያዘና ሳበኝ። ተነሳሁ፤ ጉልበቴ ቋ ብሎ ተፈታ። እሱ ግን እጁን ሊወስድ ሲል እጁ አልሄደም።

"አባባ፣ ይልቀቁኝ" አለ በቀስታ።

"አንተ ልቀቀኝ!"

እኔ ወደዚህ፣ እሱ ወደዚያ፤ ሬንጁ መሃላችን እንደ ሙጫ ተለጠጠ እንጂ አልተበጠሰም። "እዩ እንዴት እንደተያያዙ!" አለ አንዱ። እታገኝ እልልታውን አቀለጠችው።

ሹፌሩ ናፍጣ ሊያመጣ ወደ መኪናው ሄደ። እኔና ተስፋነህ እጅ ለእጅ እንደተያያዝን የተገለበጠችው ጀልባ ላይ እንደ ሙሽራና ሙሽሪት ተቀመጥን። የኮቱ እጅጌ ጠቁሯል። ሰዎቹ በአክብሮት ራቅ አሉልን።

"አባባ" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሬንጅ መሆኑን ገና ከመኪናው ሳልወርድ አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"ማን ሊያምነኝ? እርስዎ ራስዎ ሲጮኹ አላመንዎትም። ደግሞ ወሬው እስከ ማታ ኦቾሎ ይደርሳል። አባቴ ዘንድ ስወጣ 'ሬንጅ ነበር ብዬ ሣር አልፌ ሄድኩ' ልበላቸው?"

እውነቱን ነው። ሌላ ሰው እውነቱን ሲሆን እኔ ምን ያህል እንደምናደድ ሚስቴን ጠይቁ።

"እርስዎስ?" አለኝ። "ዝም ቢሉ ይሻልዎት አልነበር?"

"ዝም ማለት አልችልበትም።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ በዚያ ሳምንት የነበረኝን ሳቅ ለዘበኛው ጨርሼው ነበር። ተስፋነህ ጉሮሮውን ጠረገና የቢሮ ድምፁን መልሶ አወጣ። "ሬንጁ እስኪደርቅ ቀዮቹን ድንጋዮች አምጥቼ በጀልባዋ ዙሪያ አስደርጋለሁ። ጊዜያዊ የጥገና ክልል ይባላል።"

"እኔ ያደረግኩት እኮ ነው!"

"እርስዎ ሲያደርጉት ሕገ ወጥ ነው።"

ናፍጣው ደረሰ፤ ተላቀቅን። ጀልባዬ ተጠገነች፣ ደረቀች፣ ውሃ ገባች። አንዲት ጠብታ አታስገባም። እዚህ ላይ ያበቃ ቢሆን ኖሮ እኔም ብዕር ባልነካሁ ነበር።

አላበቃም። እሑድ የንስሐ አባቴ ከቅዳሴ በኋላ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "ልጄ፣ ተለወጥክ" አሉኝ። አንጁሎ በእሱ ቤተ ክርስቲያን ተነስቶ ምስክርነት ሰጥቶብኛል፤ እንደሰማሁት ሬንጁን ጨርሶ አላነሳውም። ከምዕራብ ዓባያ የመጣ የማላውቀው ሰው ስለ ድንበር ጠብ ሊያማክረኝ ቤቴ ድረስ መጣ። ይህን ሁሉ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ዛሬ ጠዋት ግን ወደቡ ላይ ሰሌዳው ሥር አዲስ መስመር ተጽፎ አየሁ። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ቆሜ፣ ፊደል በፊደል እየነካሁ አነበብኩት። "በሁሉም ክልሎች ሣር መንቀልና ይዞ መንበርከክ አይፈቀድም።"

አንድ ጊዜ አነበብኩ። ያልገባኝ መስሎኝ ደገምኩ።

እንግዲህ ድንጋይ ቀቡ፣ ይቀቡ። መረቤን ወደዚያ፣ ዓሣዬን ወደዚህ አሉ፣ ይበሉ። ይህ ግን የእነሱ አይደለም። የሚፈቀድም የሚከለከልም ነገር አይደለም። ነገ እዚያ ወደብ ላይ ሁለት አጥማጆች በመረብ ተጣልተው ቢላ ቢማዘዙ ምን ይያዝላቸው? ፊሽካ? ያ ሰሌዳ መሃላቸው ገብቶ ይንበርከክ? ተስፋነህም ያውቃል፤ ከላይ ጠይቀውት ነው የጻፈው ይሉኛል። ይሁና! ያን ዕለት እጄን ይዞ ያነሳኝ ማንን ጠይቆ ነው?

ቤት ገብቼ ዱላዬን አነሳሁ። በንዴት ዓይኔ እየጨለመ ወደ በሩ ወጣሁ። የግቢያችን በር ጠባብ ነው። አስካለ በሩ ላይ ተንበርክካለች።

"ወዴት ነው?" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

"መጀመሪያ ወደቡ፣ ከዚያ ሴቻ።"

"ለምን?"

"ያንን ሰሌዳ ነቅዬ እራሱ ላይ ልሰብርለት!"

"እለፋ" አለች።

ልራመድ እግሬን አነሳሁ። ያን ጊዜ እጆቿን አየሁ። ሁለቱም እጆቿ እርጥብ ሣር ይዘዋል።

"ምንድን ነው የያዝሽው?"

"አረም እየነቀልኩ ነው። አታይም?"

ይህቺ ሴት እኔን ካገባች ጀምሮ የበሩን አረም ነቅላ አታውቅም። ዶሮዎቹ ይጫወቱበት ትላለች።

"ተነሺ" አልኳት።

"ጉልበቴ ተቆለፈ" አለችኝ፤ አሁን ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

ያነሳሁትን እግሬን መለስኩ። ዱላዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። እንዳልተታለልኩ ለማረጋገጥ ጎንበስ ብዬ መዳፏን ደግሜ አየሁ፤ አንዳች ሬንጅ የለበትም።

ስለዚህ ገብቼ ይህን ጻፍኩ። ተስፋነህ፣ ያንን የመጨረሻ መስመር ከሰሌዳው ላይ ደምስስ። ይህን የምነግርህ ተንበርክኬ አይደለም፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው።